ማሰሪያ የሌላቸው ወረቀቶች

ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ውስጥ ከሁሉ የሚቀድም አንድ ሕግ ነበር፤ ኪሱ ያልተፈተሸ ልብስ ውሃ አይነካውም። አንድ የተረሳ እስክሪብቶ ዐርባ ሸሚዝ ያበላሻል። ስለዚህ ደንበኛው ልብሱን አስረክቦ እንደወጣ አጣቢዋ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ትዘረግፈውና እያንዳንዱን ኪስ ወደ ውጭ ትገለብጠዋለች። የተገኘውን ሁሉ፣ የአውቶቡስ ቲኬትም ይሁን ክኒን፣ በትንሽ ከረጢት ታደርግና የልብሱን ቁጥር በመርፌ ቁልፍ ትሰካበታለች። ከአንድ ኪስ የወጣ ነገር አይነጣጠልም፤ የአንድ ሰው ነው፣ አብሮ ይኖራል። ሁለተኛው ሕግ ግድግዳ ላይ ያልተጻፈ ነው፤ ኪስ አይወራም።

አጣቢዋ በዚህ ሥራ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆይታለች። ጣቶቿ ከሳሙናው ብዛት ተልጠው አሻራዋ የጠፋ ይመስላል። «ሰውን በፊቱ አላውቀውም፣ በኪሱ ነው የማውቀው» ትላለች። የልጁን የወተት ጥርስ በወረቀት ጠቅልሎ የሚዞር የጭነት መኪና ሹፌር ታውቃለች። ከረሜላ እየደበቀ የሚበላ የስኳር ሕመምተኛ ታውቃለች። ሚስቱን መንገድ ላይ ስታገኛት እንኳ «ደህና ዋልሽ» ብላ ታልፋለች እንጂ አንድ ቀን ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

የራሷ ባል ኪስ ግን ሌላ ነገር ሆነባት።

ባሏ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ተሸካሚ ነው። ወገቡ ማርጀት ጀምሯል። ወደ መጋዘኑ የሚመጣው ወረቀት ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ አለቃው አንድ ቀን ሠራተኞቹን ሰብስቦ፣ «እንግሊዝኛ ፈተናውን ያለፈ ዕቃ ተረካቢ ሆኖ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ የወደቀ እንደተሸከመ ይኖራል» አላቸው። ባሏ በማግስቱ ተመዘገበ። ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ እንደወጣ ይሄዳል፣ ለእራት ይደርሳል። እሷም በመጀመሪያ ደስ ብሏት ደብተሩን በአሮጌ ጋዜጣ ለብዳ ሰጠችው።

ነገሩ የጀመረው «ባለ መነጽሯ» የምትባል ሰው እራት ላይ መምጣት ስትጀምር ነው። በእግሯ አይደለም፣ በአጣቢዋ ባል አፍ። «ዛሬ ባለ መነጽሯ ምን አለች መሰለሽ…» ይላል ገና እንብላ ሳይባል። አብራው የምትማረው ባለ መነጽሯ ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ትሠራለች። ባለ መነጽሯ ቀልድ ታውቃለች። ባለ መነጽሯ ጽሕፈቷ እንደ ዶቃ ነው። አጣቢዋ «እህ» እያለች ለልጇ ትቆርስላታለች። ልጅቷ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ነገር አይገባትምና አንድ ቀን፣ «እማዬ፣ አንቺም ለምን መነጽር አታደርጊም?» አለች። አጣቢዋ ሳህኑን አነሳች።

ከዚያ ባሏ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ጺሙን መላጨት ጀመረ። ዕቃ ሊሸከም ለሚሄድ ሰው ምን ይሉታል? ፀጉሩን ውሃ እየነካ ያበጥራል። ቁልፍ ሲፈልግ ያፏጫል።

እሑድ የቤት ልብስ የምታጥብበት ቀን ነው። የሱሪውን ኪስ ገለበጠች፤ በልማድ ነው፣ ተጠራጥራ አይደለም። የአውራ ጣት ያህል ስፋት ያላቸው አራት ቁርጥራጭ ወረቀቶች ወጡ። በእንግሊዝኛ ተጽፎባቸዋል። ቀለሙ ሐምራዊ ነው፤ ፊደሎቹ ክብ ክብ፣ አንዱ ከአንዱ ያልተጣላ። የባሏ ጽሕፈት ደግሞ ዶሮ የጫረችው መሬት ነው፤ የትም ብታየው ታውቀዋለች። ወረቀቶቹን በከረጢት አድርጋ፣ መርፌ ቁልፍ ሰክታ፣ ከልጅቷ የክረምት ልብስ ሥር ደበቀቻቸው። በሚቀጥለው እሑድ ሌላ አራት ወጡ፣ በሦስተኛው ሦስት። ባሏ ወረቀት ጠፋኝ አላለም። እሷም አገኘሁ አላለች። ዝም አይነቅዝም ብላ ያዘችው። ዝምታው ግን እሷን ውስጥ ውስጡን ነቀዛት።

ማጠቢያ ቤቱ ውስጥ ካውያ ላይ የምትሠራ አንዲት ወጣት አለች፤ ከንጋት እስከ ምሽት ስለማትዘጋ ስሟ ራዲዮ ነው። እስከ ዐሥረኛ ተምራለች። ሰኞ ዕለት ሌሎቹ ለምሳ ሲወጡ አጣቢዋ ካውያው አጠገብ ቆመች።

«ራዲዮ፣ እስቲ ይህችን አንብቢልኝ። የደንበኛ ናት።»

«እትዬ! ኪስ አይወራም እያልሽ ጆሮአችንን ስትበይው ኖረሽ?»

«እኔ መች አወራሁ? አንቺ ነሽ የምታወሪው። አንብቢ።»

ራዲዮ እጇን በሽርጧ ጠርጋ የመጀመሪያውን አነሳች። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቆየችና፣ «‹መስኮቱ አጠገብ የተቀመጠችው ሴት›» አለች።

«እሺ፣ ምን ሆነች?»

«አይልም።»

«እንዴት አይልም?»

«እዚያው ላይ ቆመ። ይሄኛው ደግሞ ‹ከዝናቡ በኋላ› ይላል።»

«ከዝናቡ በኋላ ምን?»

«እኔ እንጃ፣ እትዬ። ‹አሮጌው ድልድይ አጠገብ›። ‹ከቃል በላይ የሚያምር›። ኧረ ይሄስ! ‹አንተን እንደገና ለማየት›።» ራዲዮ ቀና አለች፤ ዐይኖቿ በርተዋል። «የማን ደንበኛ ነው ይሄ ጉደኛ?»

«አታውቂውም። ቀጥዪ።»

«የሚቀጥል ነገር የለውም እኮ። አንዱም ማሰሪያ የለው። ወይ ሰውየው ገጣሚ ነው፣ ወይ ሴትዮዋ ብልጥ ናት።»

«እንዴት ብልጥ?»

«ሙሉውን ጽፋ ብትያዝ ጉድ ይፈላላ! ቆራርጣ ሰጠችው። እሱ ነው ገጣጥሞ የሚያነበው። እንደዚህ ያለች ሴት የሰው ትዳር አታስተኛም፤ የሰውየውን ሚስትስ እግዜር ይሁናት።»

አጣቢዋ ወረቀቶቹን ሰብስባ ወደ ገንዳዋ ተመለሰች። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አንሶላ እያለቀለቀች ስትገጣጥም ዋለች። ከአንድ ኪስ የወጣ አይነጣጠልም፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራችበት ሕግ ነው። ከዝናቡ በኋላ፣ አሮጌው ድልድይ አጠገብ፣ አንተን እንደገና ለማየት፣ መስኮቱ አጠገብ የተቀመጠችው ሴት… ማሰሪያው የጠፋው ለራዲዮ ነው። ለእሷ ከቶ አልጠፋም። ትጠብቅሃለች ይላል። ሌላ ምን ይላል? ትምህርት ቢሆንማ ጽሕፈቱ የራሱ በሆነ ነበር።

እንደ ክፉ አጋጣሚ ማክሰኞ ዕለት ዶፍ ወረደ። ባሏም ግማሽ ሰዓት አርፍዶ፣ ጫማው በጭቃ ተለውሶ ገባ።

«የት ቆየህ?»

«አስተማሪው አቆየኝ።»

«ብቻህን?»

«እና ከማን ጋር?» ብሎ ጫማውን አወለቀ። ጭቃውን አየችው። ድልድይ አጠገብ ያለ ጭቃ ከሌላ ጭቃ በምን እንደሚለይ አታውቅም፤ ያን ዕለት ግን የምታውቅ መሰላት። ጫማውን በእንጨት አጥብቃ ፋቀችው። ሴትዮዋን አይታት አታውቅም፤ ቢሆንም መነጽሯን፣ ሐምራዊ እስክሪብቶዋን፣ ውሃ ያልበላው ጣቷን ሣለችው። ላም ባልዋለበት ኩበት የምትለቅመው እሷ ራሷ መሆኗን ልቧ ባይስተውም ልብ ለባለቤቱ መች ይታዘዛል?

ሐሙስ ልጇን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ፣ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ፣ ከሥራ በቀጥታ ሄደች። ሦስቱን ከረጢቶች በእጇ ይዛለች። ትምህርቱ የሚሰጠው አንድ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ነው፤ ልጆቹ ሲወጡ ትልልቆቹ ይገባሉ። በመጀመሪያ በውጭ በኩል ዞራ በመስኮት አየች። ሃያ ያህል ጎልማሳ ለአምስት ዓመት ልጅ በተሠራ ወንበር ላይ ጉልበቱን ጉንጩ ድረስ አድርጎ ተቀምጧል። ግድግዳው ላይ የእንስሳት ሥዕል ተለጥፏል። መስኮቱ አጠገብ፣ እዚያው አፍንጫዋ ሥር፣ አንዲት ባለ መነጽር ሴት ተቀምጣለች። ቆንጆ አይደለችም። ይህ ነገሩን አባሰባት፤ ለቁንጅና ቢሆን ሰው ይሸነፋል፣ ሰበብ አለው። ከሴትዮዋ ጎን ባሏ ደብተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ይስቃል። ጥርሱን እያሳየ፣ ትከሻው እየተነቃነቀ ነው የሚስቀው። ያንን ሳቅ ታውቀዋለች። ልጅቷ ሳትወለድ በፊት ቤታቸው ውስጥ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የት እንደገባ ጠይቃ አታውቅም፣ ያረጀ መስሏት ነው። ለካ አላረጀም፤ እዚህ ነበር።

በሩን ገፍታ ገባች። አስተማሪው የኮቱ እጅጌ በጠመኔ የነጣ ቀጭን ሽማግሌ ነበር።

«ግቢ፣ የኔ እናት። አዲስ ነሽ?»

«አዲስ አይደለሁም» አለች፤ ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ። «ዕቃ ላስረክብ ነው የመጣሁት።» ሦስቱንም ከረጢቶች ፈትታ የአስተማሪው ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈቻቸው። «ከኪሱ የወጡ ናቸው። ከዚያ ከሚስቀው ሰውዬ ኪስ። ማሰሪያቸውን የጻፈቻቸው እዚህ ሰው ሁሉ ፊት ትንገረኝ።»

ባሏ ከትንሿ ወንበር ሊነሳ ሲል ወንበሯ አብራው ተነሳች፤ ዳሌው ላይ ተሰክታለች። ሽማግሌው አንዱን ወረቀት አነሣ፣ አየው፣ ሌላውን አነሣ፣ አየው። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረ።

«አንተ ሰው! ሦስት ሳምንት ‹ጠፋብኝ ጋሼ፣ ነፋስ ወሰደብኝ ጋሼ› ስትለኝ የከረምከው ይሄ ነው? ማክሰኞ በዚያ ዝናብ ግማሽ ሰዓት ያቆየሁህ?»

«ምን ላድርግ፣ ጋሼ! ቤት ስገባ ይጠፋሉ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌው እስኪበርድ ጠብቆ ለአጣቢዋ አስረዳት። ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት አድርጎ አጣምሯል። አንደኛው የቃላት ቅንጣቢ ይጽፋል፣ ሁለተኛው ኪሱ ከትቶ ቤቱ ይወስዳል፤ የጎደለውን አስቦ ሙሉ ዐረፍተ ነገር አድርጎ ይመልሳል። «ሐረግ ይባላል፣ ልጄ። ተያይዘው የሚሄዱ ቃላት ናቸው፣ ብቻቸውን ግን አይቆሙም። አንቺም የጎደለውን ሞልተሽ ነው የመጣሽ ይመስለኛል።»

አጣቢዋ መሬቱን አየች። ያኔ ባለ መነጽሯ ተነሥታ መጣችና ክንዷን ያዘቻት። «እህቴ፣ ተባረኪ። ጠፉ እያለ ዐሥር ጊዜ አስጽፎኝ ቀለሜን ጨረሰው እኮ!» አለች። ክፋት አልነበረባትም። አጣቢዋ ትንሽ ክፋት ብታገኝባት በወደደች። ተሳስቶ መቅናት ከመቅናቱ ይልቅ ያሳፍራል፤ ቅናቱ ደግሞ አልወጣላትም፣ ሳቁን በዐይኗ አይታዋለች።

«ከመጣሽ አይቀር ቁጭ በይ» አለ ሽማግሌው። ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ በተናቸው። «እነዚህ ዐይነት ዐይነት አላቸው። ይህ ባለቤትሽ መለየት አቅቶት ነው የከረመው። እኔ በአማርኛ አነብልሻለሁ፣ አንቺ ቦታ ቦታቸውን አሲዢልኝ። ሰው ወይም ዕቃ የያዘው ስማዊ ነው፣ እዚህ። የትና መቼ የሚለው መስተዋድዳዊ፣ እዚህ። ምን ዐይነት እንደሆነ የሚነግረው ቅጽላዊ፣ እዚያ። ድርጊት የያዘው ግሳዊ፣ እንዴት እንደተደረገ የሚለው ደግሞ ተውሳከ ግሳዊ፣ ወደ ጫፍ።»

«እኔ ፊደላቸውን ከረሳሁ ቆየሁ።»

«ጆሮ አለሽ አይደል?»

«‹ከዝናቡ በኋላ›» አለ። እጇ ሳታዘው ሄደ፤ መቼ ነው፣ ወደ ሁለተኛው። «‹ከቃል በላይ የሚያምር›።» ወደ ሦስተኛው። «‹አንተን እንደገና ለማየት›።» ይህችን ትንሽ ይዛት ቆየች፤ ከዚያ ማየት ድርጊት ነው ብላ ከግሳዊው ጋር አስቀመጠቻት። «‹እጅግ በቀስታ›» ወደ ጫፍ ሄደ። ከዚያ ሽማግሌው ዐይኑን አጥብቦ፣ «‹መስኮቱ አጠገብ የተቀመጠችው ሴት›» አለ። ተማሪዎቹ አንገታቸውን አሰገጉ፤ ግማሾቹ ባለፈው ሳምንት የወደቁበት ነው።

አጣቢዋ ወረቀቷን ወደ ሁለተኛው ክምር አስጠጋቻት፤ መለሰቻት። «መስኮቱ አጠገብ ይላል፣ የት ማለቱ ነው። መቀመጥም አለበት። ግን ወሬው ሁሉ ስለ ሴትዮዋ ነው» አለችና የመጀመሪያው ላይ ጣለቻት።

«በምን አወቅሽ?»

«ልብስ ማጠቢያ ቤት ሱፍ ከጥጥ ስለይ ነው የምውለው፣ ጋሼ። ሱፍ ኮት የሐር ገበር፣ የቀንድ ቁልፍ ይኖረዋል፤ ስትለየው ግን ሱፍ ነው፣ ከሱፍ ጋር ነው የሚታጠበው።»

ሽማግሌው ወደ ክፍሉ ዞሮ፣ «ሰማችሁ? ስንት ቃል ቢደረትበት ጭነቱን የሚሸከመው አንዱ ነው» አለ። ባሏ አልሳቀም። ዐይኑ እሷ ላይ ነበር፤ ቤቱ ውስጥ አንድ ያላወቀው በር ተከፍቶ እንዳየ ሰው ይመለከታታል።

ሲመለሱ እሱ ፊት ፊት እሷ ኋላ ኋላ ሄዱ።

«አሳፈርሽኝ» አለ መንገዱ አጋማሽ ላይ።

«አዎ።»

«ምን አስበሽ ነው?»

«ያሰብኩትን ሰምተሃል። እንደዚያ ስትስቅ ካየሁህ ስምንት ዓመት አልፎኛል።»

እርምጃውን ቀነስ አደረገ። እሷም ለማንም ያልነገረችውን ነገረችው። ስድስተኛ ክፍል ሳለች እናቷ አልጋ ላይ ወደቁ፤ የሰው ልብስ እያጠበች ቤቱን የምትይዘው እሷ ሆነች። የአንድ ሳምንት እረፍት ነው ተብላ ነበር። ደብተሯን ከገጾቹ ጀርባ እንዲጽፍበት ለታናሽ ወንድሟ ሰጡት። ዛሬ ያቺን የሕፃን ወንበር ስታያት ሴትዮዋ ላይ መቅናቷ ሳያንስ ወንበሯ ላይ ቀናች። እሱ ላይም ቀናች። ዐርባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ተነሣና ተመዘገበ፣ ማንም ለምን አላለውም፤ ደብተሩን የለበደችለትም እሷ ነች።

«ማክሰኞ አንተ ትሄዳለህ፣ ሐሙስ እኔ» አለች በራቸው ላይ ሲደርሱ።

«ምን ልትሆኚ? ልብስ በእንግሊዝኛ ይታጠባል?»

«የልብሱ አንገት ላይ ያለው ጽሑፍ በምንድን ነው የተጻፈው? ዐምና የሰው ሹራብ ለአሻንጉሊት የሚሆን አድርጌ ያወጣሁት ለምን ይመስልሃል?»

«ፈተናው እኮ ሁለት ወር ነው የቀረው! ግማሹን ቀርቼ እንዴት አልፋለሁ?»

«የቀረብህን እኔ እነግርሃለሁ። የቀረብኝን አንተ ትነግረኛለህ።»

«ልጅቷስ?»

«አባት አላት።»

ያ ነገር ለሁለት ቀን በሩ ላይ እንደቆመ እንግዳ ቀረ፤ አልገባም፣ አልሄደም። እሱ እያጉረመረመ በላ፣ እሷ እያጉረመረመች አቀረበች። እሑድ ጠዋት ግን ሱሪውን ለማጠብ ሲሰጣት፣ «ሐሙስ በጊዜ ድረሺ፤ ሽማግሌው የሚያረፍድ አይወድም» አለና ወጣ።

ሐሙስ ሄደች። ያለው ክፍት ወንበር የባሏ ብቻ ስለሆነ እዚያው ተቀመጠች፣ ከባለ መነጽሯ ጎን። ባለ መነጽሯ ሐምራዊ እስክሪብቶዋን አዋሰቻት። አጣቢዋ ፊደል በፊደል፣ ምላሷን በጥርሷ ነክሳ ጻፈች። ያ የተላጠ ጣቷ አንድ ገጽ ሲሞላ ጎረቤቷ ሦስት ሞልታለች፤ ክብ ክብ፣ አንዱ ከአንዱ ሳይጣላ። አየችውና እንደገና ቀናች። ሽማግሌው ግን አልፎ ሲሄድ ደብተሯ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ «ባልሽ ለዚህ ሁለት ወር ፈጅቶበታል» አላት።

ሊወጡ ሲሉ ባለ መነጽሯ እጇን ይዛ፣ «ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። ያለ እሱ ሳቅ ቀዘቀዘን፣ ናፈቅኸን ብላለች በይው» አለቻት። አጣቢዋ «እሺ» አለች።

ቤት ስትደርስ ባሏ ልጅቷን አብልቶ፣ ሳህኑን እንደ ነገሩ አጥቦ፣ ደብተሩን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ይጠብቃታል። ጺሙ አልተላጨም።

«እና? ምን አስተማራችሁ?»

ውሃ ቀዳች። ቀስ ብላ ጠጣች። በዐሥራ አራት ዓመት ትዳር ባሏ የማያውቀውን ነገር ፈልጎ ፊት ፊቷን ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ቶሎ እንዲያልቅ አልፈለገችም።

«ብዙ ነው» አለች።

«ጋሼ ምን አለሽ?»

«ከአንተ እሻላለሁ አለኝ።»

«ውሸት!» አለ፤ ፊቱ ግን ጭፍግግ አለ። «ለእኔ አንድ ቀን ጎበዝ ብሎኝ አያውቅም።» የደብተሩን ጠርዝ አጠፈ፣ ዘረጋ። «ባለ መነጽሯስ? አጠገቧ ተቀመጥሽ?»

«ተቀመጥኩ።»

«ምን አለች?»

አጣቢዋ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ሽርጧን ፈታች። ወንበር ስባ አጠገቡ፣ ክርን ለክርን ተቀመጠች።

«ምንም» አለች። «ጻፍ። ዛሬ የተማርነው ረጅም ነው።»